አባዬ ለናኦል መኪና የሚሠራው ዘንግ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 1፡30

ዛሬም የቀሰቀሰኝ ግራይንደሩ ነው። አባዬ ቁርስ ሳይቀምስ ግቢው ውስጥ ብረት ይቆርጣል። ከአልጋዬ ሳልነሳ አለቀስኩ። ግራይንደሩ ሲጮኽ ማልቀስ ይቻላል፣ አይሰማም። እሱ ሲያቆም እኔም አቆማለሁ።

ማስታወሻዬ፣ ለአንቺ እንኳ እስከ ዛሬ መጻፍ አቅቶኝ ነበር። ልጻፈው። ታናሽ ወንድሜ ናኦል የለም። አረብ አገር፣ ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ። እዚያው ቀበሩት። ጓደኛው ለአጎቴ ለታደሰ ደወለ፤ አጎቴ ለእኔና ለእድሩ ሽማግሌዎች ነገረ። አባዬ አልተረዳም። እህቴ ሜሮን ባቱ ከተማ ናት፣ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። አባዬ ከሰማ እሷም በዚያው ቀን ትሰማለች፤ ለእርጉዝ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ስለዚህ በሰላም እስክትገላገል ዝም ተባለ። በወለደች ማግስት ማለዳ ሽማግሌዎቹ በራችንን ያንኳኳሉ። ለእሷ ባሏ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ይነግራታል። እስከዚያ የእኔ ሥራ መሳቅ ነው።

የብረቱ ነገር እንዲህ ነው። ናኦል ከመሄዱ በፊት አሮጌዋን ዲኤክስ መኪናውን እዚሁ ግቢ ሞላዋን ቆርጦ ዝቅ አደረጋት። ዕድሜውን ሁሉ ተሳቢ የነዳው አባዬ በጣም አኮረፈ። ይቺ መኪና ናት ምንጣፍ፣ ብሎ ቀረ። ዝቅ ስትል ደግሞ የኋላው አክስል ወደ ግራ ሸሸ፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈጫል። አክስሉን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያይዘው ዘንግ ለአዲሱ ቁመቷ ረዘመ። ናኦል ስመለስ አስተካክላታለሁ ብሎ ሄደ። እንደተኳረፉ ነው የተለያዩት። አሁን አባዬ እንደ ልብ የሚያጥርና የሚረዝም ዘንግ ሊሠራለት ተነስቷል። ይቅርታ መጠየቂያው ነው፣ በአፉ ስለማይችል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከ/ሰዓት

አስተምሬ ከት/ቤት ስመለስ አባዬ ለባብሶ ይጠብቀኛል። ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት አብረን ሄድን። በባጃጅ ውስጥ እንደ ተማሪ ያስረዳኛል፤ የዘንጉ አንዱ ጫፍ ጥርሱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይወጣል፣ ከዚያ መሃሉን ስታዞሪው ሁለቱም ጫፎች ባንዴ ይገባሉ ወይ ይወጣሉ፣ ሳትፈቺው ታስተካክያለሽ። ደስ ብሎታል። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲያወራ አልሰማሁም።

የቶርኖው ባለቤት ጋሽ ከድር ያውቃሉ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ብረቱን ሲያስረክቡት እጁን ይዘው ቆዩ፣ ዓይናቸው ሞላ፣ ወደ ማሽናቸው ዞሩ። ስንመለስ አባዬ፣ ከድር አረጀ፣ እጄን መልቀቅ ረሳ፣ አለኝ። ሳቅኩ። እውነተኛ ሳቅ ነበር ደግሞ። ቤት ገብቼ ራሴን ጠላሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቸርች በኋላ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። እንግዳ በማይመጣበት ሰዓት እንግዳ። አንዱ ሽማግሌ ጸሎት ላይ «ጌታ ሆይ አጽና…» ብሎ አቋርጦ ስለ ዝናብ ጸለየ። በኅዳር! አባዬ ዓይኑን ገልጦ አየው። ከዚያ ሁሉም ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣ መሬት መሬት ያያል።

ሲሄዱ አባዬ ብረቱን በየደ። እኔ ዘንጉን በጉጠት ያዝኩ፣ ፊቴን አዞርኩ። ጥሩ ብየዳ ነው፣ ቆንጆ። አባዬ በስልኬ ቪዲዮ ቅረጪኝ አለ። ብረቱን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ተናገረ፦

«ናኦል፣ ምንጣፍህን እያስተካከልኩልህ ነው። በል ቶሎ ና።»

ላኪለት አለኝ። ላክሁት። ምን ላድርግ? አጠገቤ ቆሟል። የናኦል ፎቶ እዚያው ስልኩ ላይ ይስቃል። አንድ ምልክት ብቻ። አልደረሰም፣ አይደርስም። ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ገብቷል፣ ብዬ ዋሸሁ። ውሸቱን አጎቴ ነው ያስጠናኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

አልሆነም። ዘንጉን ትናንት ገጠመው፣ ዛሬ መኪናዋን ከክሪኩ ሲያወርዳት አክስሉ ወደ ቀኝ ሄደ። በዚያ በኩል ይፈጭ ጀመር። አባዬ ግንባሩን መታ። መኪናዋ ተንጠልጥላ ነበር የለካው። በራሷ ክብደት መሬት ላይ ቆማ፣ ነጂዋም ተቀምጦ ነው እንጂ የሚለካው! ይህን እኔ ነጂው እንዴት ረሳሁ እያለ ራሱን ይወቅሳል። ችኮላ ነው፣ አባዬ። ልጅህ የሚመጣ መስሎህ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ግቢ፣ በናኦል ቦታ ተቀመጪ፣ አለኝ። እኔ ከእሱ ስለምቀል ከጎኔ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ጨመረ፣ ክብደታችን የናኦልን እንዲያህል። መቀመጫው ለረጅም እግሩ ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው። እግሬ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። መሪውን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። አባዬ ከስር ሆኖ፣ አትነቃነቂ፣ ልኬቱን ታበላሺብኛለሽ፣ ይላል። አፌን በሻርፕ አፍኜ ወንድሜን ሆኜ ተቀመጥኩ። ከዚህ የከፋ ቀን አላውቅም።

ማታ አጎቴ ጋ ደውዬ ተጣላን። አልችልም አልኩት። ሥርዓት ነው፣ ልጅ አትሁኚ፣ የሜሮን ጉዳይ ነው፣ አለ። ልክ ነው። እሱም ልክ ነው። እኔ ግን አለቀልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ጠዋት 4፡00

ሜሮን ወለደች! ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው። አባዬ በስልክ እልል አለ፣ ወንዱ ሰውዬ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አጎቴ ደወለ። ነገ ማለዳ 12 ሰዓት ይመጣሉ። ድንኳኑ ከእድሩ መጋዘን ወጥቷል። አባትሽ እንዳይወጣ ያዢው፣ ብቻ። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ከ/ሰዓት 10፡00

በወለንጪቲ መንገድ ከከተማ ወጣ ብለን ተመለስን፣ አባዬ እየነዳ። አትፈጭም። ጉድጓድ ላይ እንኳ ዝም። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ዝቅ እንዳለች፣ ልክ ናኦል እንደፈለጋት። መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች አጨበጨቡላት። ነገ በዚችው ባቱ ሄደን ሕፃኗን እናያለን፣ አለኝ። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየሁ።

ግቢ ገብተን የመጨረሻውን ዳዶ ሊያጠብቅ ከስር ገባ። እግሩ ብቻ ይታየኛል። መፍቻው ቆመ።

«ሜሮን ወልዳ ናኦል ሳይደውል? በረሃ ቢሆን፣ ሰው ልኮም ቢሆን ይደውላል።»

ያን ሁሉ ውሸት አጥንቼ፣ አንድ ቃል ጠፋኝ። ከስር አልወጣም። ድምፁ ቀስ አለ።

«ቆይ። ይቺን ዳዶ እስካጠብቅ ምንም አትንገሪኝ።»

ለእጁ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ላመጣ ገባሁ። ይህን ቆሜ ነው የምጽፈው። ለሜሮን ባል ደወልኩ፣ ስልኳን ተቀብሎ ይያዝ፣ ማንም እንዳያገኛት። እሺ አለኝ፣ አልጠየቀኝም። አጎቴ ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ። ነገ በሩ ሲንኳኳ አባዬ አውቆ፣ ለባብሶ፣ ቆሞ ይክፈት። በሰው መሃል፣ በፒጃማ፣ ምን ሆናችሁ እያለ አይሁን። ከእኔ ይስማው። ዛሬ፣ አሁን፣ እዚሁ ከመኪናዋ ጎን።

መፍቻው ዝም አለ። ከስር ሲወጣ ይሰማኛል። ኢንታላ ኮ፣ ኮቱ፣ ልጄ ነይ፣ እያለ በኦሮምኛው ይጠራኛል። ውሃውን ይዤ ልውጣ፣ ልንገረው።