ጡንቻ ነው

ጥቅምት 4
ለዘጠነኛ ቢ ስለ ጡንቻ ማስተማር ጀመርኩ። ሦስት ዓይነት። አንደኛው አጥንት ላይ ያለው፤ መስመር መስመር አለው፣ ስናዘው ይሠራል፤ ፈቃዳዊ። ሁለተኛው የጨጓራና የአንጀት፤ ለስላሳ፣ ማንንም አይጠይቅም፤ ኢፈቃዳዊ። ሦስተኛው... ደወል። ሰኞ ይቀጥላል።

"ቲቸር፣ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?" አለች አንዷ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም።

ባሌ ከመጋዘን ደረቱን እያሻሸ መጣ። ሲሚንቶ ሲያራግፍ ነው የዋለው። "ጡንቻ ነው" አለ። በቅባት አሸሁት። "እጅሽ ይባረክ።"

ጥቅምት 5
ዛሬም ደረቱ። ግራ እጁም ደንዝዞታል። አለቃውን የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ... "ይሄን የሚያህል ጡንቻ ይዘህ ፈቃድ? አታፍርም?" አለው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ! እርር ድብን አልኩ። ሐኪም ይይህ ስለው፣ "አታካብጂ፣ ጡንቻ ነው አልኩሽ እኮ።"

ደግሜ በቅባት አሸሁት። ለምን አልተከራከርኩም?

ጥቅምት 7
ወደቀ። ጠዋት፣ ሲሚንቶ እንደተሸከመ።

ጥቅምት 8
ተርፏል። ተመስገን። አሁን መናደድ እችላለሁ።

ሐኪሟ "የተጎዳው ጡንቻው ነው" አለች። ሳቄ ሊመጣ ነበር። "የልብ ጡንቻ። ደም የሚያደርስለት ሥር ተዘግቶ ከፊሉ ሞቷል። የሞተው አይተካም። ሕመሙ ስንት ቀኑ ነው?"

ሦስት ቀን። ሦስተኛው ዓይነት! አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት! እኔ ግን ቅባት... ድንቄም አስተማሪ! አንጀቴ አረረ። እሱም ጡንቻ ነው።

ጥቅምት 11
አለቃው ጭማቂ ይዞ ሆስፒታል መጣ። "አይዞህ አንበሳው! ፈቃድህን ጨርሼልሃለሁ።" ባሌ የሚፈርምበትን ቅጽ አወጣ። "ምክንያት" በሚለው ላይ "የጡንቻ መሸማቀቅ" ብሎ ሞልቶበታል!

"ሥራ ላይ ወደቀ ከተባለ ለሁላችንም ጣጣ ነው እህቴ። ደግሞ ራሱ ጡንቻ ነው ብሏል እኮ።"

ደሜ ፈላ። እስክሪብቶውን ከእጁ ነጥቄ ሰረዝኩት። "የልብ ጡንቻ። ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሎ፣ ሥራ ላይ ወደቀ" ብዬ ጻፍኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን አንድ በላት እንጂ!" አለው፣ እየሳቀ።

ባሌ አልሳቀም። ወረቀቱን አነበበ። ቀስ ብሎ... ፈረመ።

ጥቅምት 14
ሦስተኛውን አስተማርኩ። የልብ ጡንቻ። እንደ ክንድ መስመር አለው፣ እንደ አንጀት ግን ኢፈቃዳዊ ነው። ሲሠራ ይኖራል።

ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ደክሞት ፈቃድ ቢፈልግስ?"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

"ባለቤቱ ይጠይቅለታል።"

"ቢከለከልስ?"

"ሳይፈቀድለት ይውጣ። ጻፉት።"

"ፈተና ላይ ይመጣል?"

"ይመጣል" አልኳት።