ማንም ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 2011፣ ነገሌ

ዋናው መንገድ ከተቆፈረ ወዲህ አይሱዙ ሁሉ በሰፈራችን ውስጥ ያቋርጣል። ትናንት አንዱ ልጄን ለጥቂት ሳታት። ድንጋይ ብንደረድር ወርደው እያነሱ ያልፋሉ። የለቅሶ ድንኳን ግን ማንም ሾፌር አይደፍርም። የእድሩ ንብረት ያዥ እኔው ነኝ፤ ማንን አስፈቅዳለሁ? ዛሬ ጠዋት ድንኳኑን አውጥቼ መንገዱ መሀል አስተከልኩት።

የመጀመሪያው ሾፌር ቆመ፤ ኮፍያውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" አለኝና ዞሮ ሄደ። "አሜን" አልኩ። ምን ልበል?

ከሰዓት በኋላ፣ ወር ሙሉ አልጋ ላይ ያሉትን ጎረቤታችንን፣ እንደ አያት የማያቸውን አኮ ዳኪን ልጠይቅ ገባሁ። "አካም፣ አኮ? ናጋ?" ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅኳቸው። በተከፈተው በር ድንኳኑን እያዩ፣ "ልጄ፣ እስክሞት ብትጠብቁኝ ምናለ?" አሉኝ።