መስኮቴ ሥር የተከልኩት ሊላክ

ሰኞ
የሰፈራችን የታቦር አፈር ከላዩ ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ ግን ድንጋይ። ወገቤ እስኪቆረጥ ቆፈርኩና ሊላክ የሚባለውን፣ አበባው መዓዛው የሚያውድ ዛፍ ችግኝ፣ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ተከልኩት። ፊት ለፊቱ ሽንት ቤቱ አለ። ባሌ ዳንኤል ከሞተ ወዲህ ሽታው ባሰብኝ፤ ወይም እሱ እያለ አላስተውለውም ነበር። ስኳር የተጠቀለለበት የመጽሔት ገጽ፣ ውሃ አታብዙበት፣ በሦስተኛው ዓመት ያብባል ይላል። የብርድ አገር ዛፍ ነውም ይላል። ችግኝ ሻጩ ግን "እናቴ፣ ይሄኛው የሀዋሳን ሙቀት ለምዷል" ብሎኛል። ዋሽቶኝ ይሆናል። ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ
ጋሽ ማቴዎስ፣ የዳንኤል ታላቅ ወንድም፣ ከጓሮው ቤት ወጥተው ችግኙን ቆመው አዩት።
"አስቴር፣ ምንድን ነው ይሄ?"
"አበባ ነው ጋሼ።"
"አበባ በቆርቆሮ ይተከላል። ይሄ ዛፍ ነው።"
ወደ ጓሮው ቤት ተመለሱ።

ረቡዕ
ውሃ ስንቀዳ ሚስታቸው ነገረችኝ። "ባልተከፋፈለ የውርስ ግቢ ዛፍ የተከለ፣ መሬቱን ይዣለሁ ማለቱ ነው። ይሄ ይጠፋሻል?"
ጠፍቶኝ ነበር። ግቢው የአባታቸው ነው፤ ወንድማማቾቹ ሳይከፋፈሉት ዳንኤል ሞተ። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ለካ ጋሽ ማቴዎስ፣ ሙት ዓመቱ ካለፈ ወደ ወንድሞቿ ትሄዳለች ብለው ሲጠብቁኝ ኖረዋል። "ሦስት ዓመት ቆይቶ ለሚያብብ ዛፍ ጉድጓድ የምትቆፍር ሴት መች ልትሄድ ነው?" ብለዋል አሉ።

ዓርብ
ጋሽ ማቴዎስ የጠሯቸው ሽማግሌዎች መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ላላሞ ጸልየው ጀመሩ።
"ልጄ፣ ለምን ተከልሽው?"
ስለ ሽንት ቤት በወንዶች ፊት ማውራት አፈርኩ። "ለመዓዛው" ብቻ አልኩ።
"እንግዲያው ሽቶ ትግዛ" አሉ ጋሽ ማቴዎስ። ሁሉም ሳቁ።
ነገ እነሱ ባሉበት፣ በገዛ እጄ ነቅዬ ባልዲ ውስጥ እንዳደርገው ተባለ። ባልዲ ውስጥ ያለ ዛፍ መሬት ይዣለሁ አያሰኝም። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሁሌም እንዲሁ ነኝ።

ቅዳሜ
መንቀሉ ቀላል ነው፤ ሥሩ ገና አልያዘም። ግን ሽማግሌ እያየ በእጄ ከነቀልኩት፣ መሬቱ የእኔ አይደለም ብዬ መመስከሬ ነው። ከዛፉ ቀጥሎ የምነቀለው እኔ ነኝ።
መጡ። ዶማውን አላነሳሁም።
"አልነቅለውም" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር።
"እኔ ልንቀልላት" ብለው ጋሽ ማቴዎስ ተነሱ። አቶ ላላሞ ክንዳቸውን ያዙ። "ሌላው የተከለውን እንዳትነካ። ያኔ ጥፋተኛው አንተ ትሆናለህ።"
"በቃ፣ ፍርድ ቤት እንገናኛለን" አሉኝ ጋሽ ማቴዎስ። ገብተው በሩን ዘጉ። ሚስታቸው ከሰዓት በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም አላለችኝም።
አቶ ላላሞ ስሸኛቸው የግቢው በር ላይ ቆም አሉ። "ልጄ፣ ከእንግዲህ ለመዓዛው ነው ብትዪ የሚያምንሽ የለም።"
"አውቃለሁ አባቴ። እኔም ከእንግዲህ አልልም።"

እሑድ
ቤተ ክርስቲያን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አጠገቤ አልመጣም። የሊላኩ ቅጠሎች ጫፋቸው ቢጫ ሆኗል፤ ውሃው በዝቶበት ይሁን ሙቀቱ አላውቅም። ዳኛ ፊት ምን እንደምልም አላውቅም። ከደረቀ ሌላ እተክላለሁ፣ እዚያው ጉድጓድ ላይ።