የበረቱ መወርወሪያ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለበድሉ፤

ነጭ ዓባይ ቀስ ብሎ ከሚያልፍባት ከዚህች ሞቃት ከተማ ሆኜ፣ በአካል ልደርስበት ካልቻልኩት ደጃፍህ በሐሳብ ቆሜ እጅ እነሣለሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ያ የጉልበትህ ቁርጥማት ብርዱን እንዴት ቻለው? ባለቤትህ ይመኙሻልስ ዓይኗ ተሻላት? አዝመራው ገባ? ባቄላውስ ከውርጭ ተረፈላችሁ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከሙቀቱና ሰባ አራት ዓመት ከተሸከመኝ እግሬ በቀር የምከሰው የለኝም። ልጄ ተናኘ ሱቋ ውላ ትገባለች፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ወደዚህ አምጥታ እንደ ሕፃን ትጠብቀኛለች።

ሰላምታዬን ማሳጠሬን ይቅር በለኝ፤ ተቆጥቻለሁ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። እኔ ግን ጌታ አይደለሁም፤ የላክኸውም ነገር ጨዋታ አይደለም።

«የበረቱ ብርሃን» ያልከው ልብ ወለድህ ደርሶኛል። ተናኘ እዚህ ካስተም ከሚባለው ገበያ ካለ ኮምፒውተር ቤት ፕሪንት አስደርጋ፣ በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። መጽሐፉ ለገና እንዲደርስ፣ መቅድም ጽፌ እስከ ታኅሣሥ አሥራ አምስት እንድልክልህ አሳስበኸኛል። አርባ ዓመት ድርሰት ያስተማረና ሦስት የግጥም መጻሕፍት ያሳተመ ወንድም ስላለህ፣ ስሜ መጽሐፍህን ያስከብረዋል ብለሃል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ እርሳሴ ተሰበረ፤ በሁለተኛው ተናኘን ማንም እንዳያናግረኝ አዘዝኳት።

ከትንሹ ልጀምር። በገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ፣ በገና ዋዜማ፣ ልጆቹ ከላሟ ሥር ተኮልኩለው ትኩስ ወተት ይጠጣሉ። በጋድ ጾም ዕለት! በእናታችን ቤት! እናታችን ጾሙ ሲገባ ማለቢያዋን አጥባ፣ ደፍታ፣ እስኪፈታ ድረስ እንዳንነካው ትገዝተን የነበረች ሴት ናት። ቀጥሎ በግ መንታ ትወልዳለች፤ ዶሮዋ በበሬው ጀርባ ላይ ታንቀላፋለች፤ አህያዋ ሕፃኑን በትንፋሿ ታሞቃለች። የአንተ ከብቶች አይርባቸውም፣ አይራገጡም፣ እበት የሚባል ነገርም አይጥሉም። እኛ ያደግንበት በረት ግን እበቱን ዝቀን ስንወጣ ወገባችን አልቃና ይል የነበረው በረት ነው።

ጎረቤታችን ረፊቅ፣ ካስተም ላይ ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚሸጥ የወሎ ሰው፣ አንድ ከሰዓት አጠገቤ ተቀምጦ ሳነብ አዳመጠኝ። ስንዴ ጠግቦ ውሃ የጠጣው ዳልቻ በሬያችን ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከወደቀ በኋላ፣ ልጆቹ ሲዘምሩለት ብድግ ብሎ «እምቧ» ይላል ካልክበት ስንደርስ፣ «ጋሽ አስራደ፣ ይኼ በሬ ነው ወይስ ሙሽራ? ዘፍነው የሚያስነሡት!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። የእሱ አባት ቢሆኑ ኖሮ ዘማሪ ሳይሆን ቢላ ይጠሩ እንደነበር ነገረኝ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ወዲያው ወረቀቱን ሳስቀምጥ አይቶ ሳቁን ዋጠና «እውነተኛው በሬስ ምን ሆነ?» አለኝ። ለእሱ አልመለስኩለትም። ለአንተ ልመልስልህ።

ቁጣዬ በወተቱም በበሬውም አይደለም። በመጨረሻው ምዕራፍ አባታችን እህታችንን ማንያህልሻልን፣ ያውም ስሟን ሳትቀይር፣ ወደ ደረቱ ያስጠጋትና የበረቱን መወርወሪያ ሳትጥል በመሄዷ ይቅር ይላታል። እናታችን ይቅር ትላታለች። እኔም በመጽሐፉ ውስጥ ግንባሯን ስሜ ይቅር እላታለሁ። እዚህ አገር ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ገጭቶህ ሊያልፍ ሲል ነጂው እጁን ያነሣና «ማሌሽ» ይልሃል፤ ምንም አይደል፣ እለፈው እንደ ማለት ነው። መጽሐፍህ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ማሌሽ ነው። ለመሆኑ እህታችን ምን ስላደረገች ነው ይቅር የምትሏት?

ያን ጊዜ አንተ በእናታችን ጀርባ ላይ ነበርክ። የጻፍኸውም በቤታችን ሲነገር የሰማኸውን ነው፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ቁጣ ለአንተ ብቻ እንደማይገባ አውቃለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። በገና ዋዜማ በሬዎቹ ስንዴ ሲያበራዩ ውለው ከአውድማ ተፈቱ። ወደ በረት አስገብቼ መወርወሪያውን እንድጥል አባታችን ያዘዘው እኔን ነበር። ማንያህልሻል እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ወርዳለች። የታች አምባ ልጆች በገና ጨዋታ ሊገጥሙን መጥተው ከሜዳው ሲጣሩ ሰማሁ። እንጨቱን በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ሰክቼ፣ የገና ዱላዬን ይዤ ሮጥኩ። ዳልቻው በቀንዱ ገፍቶት ወጣ። ከተከመረው ስንዴ እስኪበቃው በላ፤ ወርዶም ጠጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደቀ። አባታችን ነፍሱ ሳትወጣ አረደው፤ ጎረቤቱም ለበዓሉ ቅርጫ ተካፈለው። በሬው አልዳነም፣ በድሉ። በማግስቱ እኔም ከሥጋው በላሁ።

አባታችን «መጨረሻ ከበረት የወጣው ማን ነው?» ሲል «ማንያህልሻል ናት» አልኩ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እሷ እንስራዋን እንዳዘለች አየችኝ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ለምን ዝም እንዳለች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ገረፋት። የአለንጋው ሰንበር በሳምንቱ ጠፋ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን አባታችን ደብተሯን ከእጇ ወስዶ «በረት መዝጋት ያቃታት ፊደል አትቆጥርም፤ ከብት ትጠብቅ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ የነበረችው እሷ ናት፤ እኔ ከአምስተኛ በላይ ወጥቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ግጥሜን የጻፍኩት በዚያ ደብተር ባዶ ገጾች ላይ ነው። መቅድም ጻፍልኝ ያልከኝን ሰው የሠራው ያ ደብተር ነው።

አሁን ሳትቆጣ ስማኝ፤ መቆጣቱን ለእኔ ተውልኝ። ወተቱን ድፋው። ዳልቻው ይሙት። አባታችንን እንደ ነበረ ጻፈው፤ ደግም ነበር፣ ጨካኝም ነበር፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይሆን ነበር። መወርወሪያውን ሳይጥል የሮጠው ልጅ አስራደ ይባል፤ ስሜን እንዳትቀይረው። ሰው በበዓል ቀን ልቡን የሚያሞቅ መጽሐፍ ይሻል ትለኛለህ፤ እውነትህን ነው፣ እኔም እሻለሁ። ነገር ግን እሳቱን በእሷ ልብስ አታንድደው። ለገና ካልደረሰ ለፋሲካ ይድረስ። ይህን ካደረግህ መቅድሙን እጽፋለሁ። ካላደረግህ ግን ስሜን ከሽፋኑም ከውስጡም አውጣ፤ በሬህም እስከ ምጽአት ሲዘመርለት ይኑር።

ለይመኙሻል የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ለዓይኗ የሚሆን መድኃኒት ተናኘ በመንገደኛ እጅ ልካለች። ጽሑፉን በኮምፒውተር ለጻፈችው ለልጅህ ለቤተል በርቺ በላት፤ አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁባትም፣ ጥፋቱ የአባቷ ነው። ከተናኘና ከረፊቅም ሰላምታ ይድረሳችሁ።

ማንያህልሻልን ለመጨረሻ ያቆየኋት ረስቻት አይደለም። ተናኘ ይህን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ስትልክልህ፣ ብቻህን አንብበህ እንዳታስቀረው። ይመኙሻልንና ቤተልን ይዘህ ወደ ቤቷ ሂድ፤ አጠገቧ ተቀመጥና ከመጀመሪያው ቃል እስከዚህች መስመር ድረስ፣ ሳትዘልል፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት። ራሷ ታንብበው እንዳልል ማንበብ አትችልም፤ ያኔ የለየችው ፊደል በስልሳ ዓመት ጠፍቷታል፤ ለምን እንደጠፋት አሁን ታውቃለህ።

ታላቅ ወንድምህ አስራደ

ጁባ፣ ሃይ ማላካል
ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.