የአባባ ስንቅ በሰው ከረጢት

ለምወድህ ወንድሜ ለጂሬኛ፣

አካም ጂርታ? ጤናህ እንዴት ነው? የተሰበረው እግርህ አሁንም ይጠዘጥዝሃል ወይስ የባቢሌ ፀሐይ አስታመመችልህ? መኪናዋስ፣ ፍሬኗን ለመካኒክ አሳየህ ወይስ አሁንም «ነገ» እያልክ ነው? አከራይህ ሬሐናስ ከነልጆቿ ደህና ናት? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ ከሱሉልታ ውርጭና ከአባባ ግትርነት በቀር የሚያስቸግረን የለም።

ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ አንተ «እሺ፣ እሺ» ትላለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ደግሞ ዛሬ እጄ ሥራ ካልያዘ እግሬ አያርፍም። ከጠዋት ጀምሮ ግቢውን ደጋግሜ ጠርጌአለሁ፣ ያልቆሸሸ ጀሪካን አጥቤአለሁ፣ አስፋልቱ ዳር ድረስ ወጥቼ ምንም ሳላይ ተመልሻለሁ። አባባ ትናንት ጎህ ሲቀድ ወደ ደብረ ሊባኖስ በእግራቸው ወጥተዋል።

አውቃለሁ፣ «ዘንድሮ እንዳይሄዱ አድርጊ» ብለኸኝ ነበር። አንተ መኪናዋ ተገልብጣብህ ሐረር ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ የተሳሉት ስለት ነው፤ ልጄን ካተረፍክልኝ በየዓመቱ ለታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ እመጣለሁ ብለዋል። በመኪና ይሂዱ ብዬ ብለምናቸው «ልጄ የተረፈው በግማሽ ነው እንዴ?» አሉኝ። አንተ ብትሆን ምን ትላቸው ነበር?

እኔን የሚያስፈራኝ መንገዱ አይደለም። አምና የሆነውን ታውቃለህ። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ ሰጠኋቸው፣ ጫንጮን ሳያልፉ ለመንገደኛው ሁሉ አከፋፍለው ጨረሱት። በጾም ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከረጢታቸው ባዶ ነበር። እንደዚያ ሆነው ሲጓዙ ሙከጡሪ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ፣ የሰው መኪና አንስቶ ቤት አመጣቸው። ለምን ሁሉንም ሰጡት ብላቸው «ሰው እያየኝ ብቻዬን ልብላ?» አሉ። ዓመቱን ሙሉ ያስከፋቸው መውደቃቸው ሳይሆን ስለቱ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ዘንድሮ ቢወድቁ ማን እንደሚያነሳቸው አላውቅም፤ ሰውነታቸው እንደ አምናው አይደለም።

ስለዚህ የላክኸው የኦቾሎኒ ጆንያና ተምሩ ሲደርሰኝ አንድ ነገር ታሰበኝ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አባባ ሩቅ ገበያ ሲሄዱ ጭኮ ትሠራላቸው ነበር። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ፤ አንድ ጉርሻው ቀኑን ሙሉ ያውል ነበር። አሁን ግን ጾም ነውና ቅቤ አይገባም። ሬሐናን ደውዬ ባማክራት «ኦቾሎኒው ራሱ ቅባት አይደለም እንዴ? በደንብ ውቀጪው፣ ራሱ ይበቃዋል» አለችኝ።

ቆላሁት፣ አሸሁት፣ ገለባውን አበጠርኩት። ከዚያ ማን ይወቅጠዋል ብዬ ኦቦ ቢቂላ ወፍጮ ቤት ይዤው ሄድኩ። ኦቦ ቢቂላ እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከትተው ሲያዩት ተቆጡ። «ወፍጮዬን ዘይት ልታጠጪው ነው? ነገ የሰው ጤፍ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ቢል ምን ልመልስ ነው?» አሉና አንድ እፍኝ ለራሳቸው ዘግነው መለሱኝ። በሙቀጫ ወቀጥኩት። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ከዚያ እንደ ጭቃ ይያያዛል፣ ትከሻዬ ሊገነጠል ሲል ዘይቱን ይተፋል። እኔ ሞኟ ደግሞ እንደለመድኩት በሶ መስሎኝ በውሃ አሸሁት። ሳምንት ሳይሞላው ሻገተ። ሬሐና በስልክ እየሳቀች «ውሃማ ጠላቱ ነው» አለችኝ። ሁለተኛውን በደረቁ ሠራሁት፤ የተወቀጠ ኦቾሎኒ፣ በሶ፣ ፍሬው የወጣለት ተምር፣ ቆንጠር ያለ ጨው። የእንቁላል ያህል እያድቦለቦልኩ በወረቀት ጠቀለልኩት። ከምሳ በፊት አንዱን ብቀምስ እስከ ማታ እህል አላማረኝም።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው ልቤ ወረደ። ምንስ ቢያጠግብ፣ አባባ ከረጢት ውስጥ ከገባ እንደ አምናው ጫንጮ ላይ ያልቃል። እሳቸው ሰጥተው አይጠግቡም። ግን አንድ የማይችሉት ነገር አለ፤ በሞቴ ያላቸውን ሰው እምቢ ማለት አይችሉም። ይህን ታውቃለህ፤ የጎረቤት ጠላ ያሰከራቸው ሁልጊዜ በሞቴ እየተባሉ ነው። ስለዚህ ለራሳቸው የተለመደውን በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠርኩላቸው፣ ያከፋፍሉት። የኦቾሎኒውን ስንቅ ግን አብረዋቸው በሚሄዱት በጎረቤታችን በእትዬ ወርቅቱና በባለወፍጮው በኦቦ ቢቂላ ከረጢት ውስጥ አካፍዬ ከተትኩት። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሞቴ እያላችሁ እየተፈራረቃችሁ አጉርሷቸው፤ የእኔ መሆኑን ግን እንዳትናገሩ» አልኳቸው። እትዬ ወርቅቱ «በስለት መንገድ ሽማግሌ ማታለል አይከብድም?» አለችኝ። ዝም በይ እንጂ ዋሺ አላልኩሽም ብዬ አፏን አስያዝኳት።

አሁን ግን ተንኮሌ ራሴን አላስቀምጥ አለኝ። ወርቅቱ ጸሎት ስታደርስ ብትረሳውስ? ኦቦ ቢቂላ ሆዳቸውን እንደሚወዱ ታውቃለህ፣ ራሳቸው ቢጨርሱትስ? የአባባ ስልክ ዝግ ነው፤ ለስለት የሚሄድ ሰው ወሬ አያወራም ይላሉ። ቅድም ኦቦ ቢቂላ ጋ ብደውል «አጠገቤ ናቸው» ብለው በሹክሹክታ ዘጉብኝ። አጠገባቸው ቆመው ነው ወይስ ተኝተው? ሰው እንዲህ ብሎ ይዘጋል? ልሂድ ብዬ ነጠላዬን አንስቼ ነበር፣ ካገኙኝ ስለቱ ተበላሸ ብለው እንዳያዝኑ ፈርቼ መለስኩት። እንደገና አስፋልቱ ድረስ ልሂድ፣ እመለሳለሁ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ጥዬው ነበር። ዛሬ ሃያ አራት፣ በዓሉ ነው። ትናንት አመሻሹ ላይ አባባ ራሳቸው ደወሉ። ደርሰዋል፣ ጂሬኛ። በእግራቸው ገቡ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ግን የቆመ ሰው ድምፅ ነው። እኔ ግን በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን በሉ አልኳቸው። «በሶሽን እንኳ ለሰው ሰጠሁት» አሉ። ታዲያ አንቱስ ብላቸው «እኔንማ ሰው አበላኝ፤ ወርቅቱም በሞቴ፣ ቢቂላም በሞቴ እያሉ እግሬን አጸኑት» አሉኝ። «ብቻ ገረመኝ ሶያማ» አሉ፣ «ዘንድሮ የሁሉም ሰው ስንቅ ያንቺ እጅ አለበት።»

ግን አልተቆጡም። «ለልጁም ላኪለት፣ እሱም መንገደኛ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እትዬ ወርቅቱና ኦቦ ቢቂላ በብዙ ሰላም ብለውሃል፤ ነገ ከአባባ ጋር በመኪና ይመለሳሉ። ረዳትህን ሱልጣንንና የሬሐናን ልጆች ሁሉ በየስማቸው ሳምልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ጣሳ ስንቅ ልኬአለሁ። አንዱ ያንተ ነው፤ በረሃው ላይ መኪናዋ ብትቆምብህ እንኳ ያቆይሃል። ግን የአባትህ ልጅ ነህና ድሬዳዋ ሳትደርስ አከፋፍለህ እንደምትጨርሰው አውቃለሁ። ሁለተኛውን የላክሁት ለሬሐና ነው። በሞቴ ስትልህ እምቢ እንዳትላት።

እህትህ ሶያማ ቀጄላ
ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም.