የልዕልቲቱ አልቦ ቃጭል

እማዬ፣

ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን በወጉ አውጥተናል፤ ቄሶቹም በልተው ጠጥተው መርቀውን ሄደዋል። ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ፤ ዘንድሮ ክረምቱን ባልዲ ሳንደቅን አሳለፍነው። የስፌት መኪናዬን አንቺ ትተኚበት ወደነበረው ጥግ አዛወርኩት፤ ብርሃን ያለው እዚያ ነው። ጎረቤታችን እትዬ የሺም እንዳሉ አሉ። አንቺ ከቤታቸው በወጣሽ ቁጥር ማንኪያቸውን ይቆጥሩ የነበሩት እትዬ የሺ፤ መቼም አትረሻቸውም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን በልጅነትሽ ስላገለገልሻት ስለዚያች ልዕልትሽ ነው። የልጅ ልጇ ከአዲስ አበባ መጥታልን ነበር። አያቴ በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ታደርጋቸው የነበሩትን ጌጦች ለማርቆስ ሕዝብ አሳያለሁ ብላ፣ ከተማው ንግሥት የመጣችበት ይመስል ሽር ጉድ ሲል ከረመ። ደርግ ያን ሁሉ ሲወርስ ይህ ጌጥ እንዴት እንዳመለጠ የጠየቃት የለም። እኔ የካህናት ልብስ እንደምጠግን ስለሚያውቁ፣ የአያቷን ካባ እንዳድስ አመጡልኝ። አንቺ ስትነግሪኝ ቤት የሚሞላ ይመስለኝ የነበረው የወርቅ ጥልፍ ካባ፣ ብል የበላው አሮጌ ከፋይ ሆኖ አገኘሁት።

የግብር ቀን እንዴት ታጌጥ እንደነበር ስንቴ ነግረሽኛል። ጎህ ሲቀድ ይጀመራል። መጀመሪያ የወርቁ ወለባ ፀጉሯ ላይ ይሰካል፣ ቀጥሎ ጉትቻው፣ ከዚያ ሦስት የወርቅ ድሪ አንገቷ ላይ ይወርዳል። ከእሷ የምትበልጥ እመቤት ግብሩ ላይ ካለች አንዱን ድሪ አውልቃ ትገባለች። አንቺ ትሕትና ትዪው ነበር፤ እኔ ፍርሃት እለዋለሁ። ከክብደቱ የተነሳ አንገቷ ስለማይታጠፍ፣ ከጎኗ የተቀመጠውን ለማየት ከወገቧ ትዞር ነበር አሉ። መጨረሻ የሚታሰረው አልቦው ነው፤ በወርቅ የተለበጠ የእግር ብር፣ ዙሪያውን ሽምብራ የሚያካክሉ ቃጭሎች የተንጠለጠሉበት። እሱን አንቺ ተንበርክከሽ በሐር ክር ታስሪላታለሽ። ቀሚሷ መሬት ስለሚጠርግ አልቦውን የሚያይ ሰው የለም፤ መምጣቷ እንዲታወቅ ድምፁ ብቻ ይሰማል። እኛ ዘንድ እንዲህ ቃጭል የሚታሰርለት ከብት ነው።

ያንቺ ሥራ ከኋላዋ መሬት መሬቱን እያየሽ መሄድ ነበር፣ ከእግሯ የሚወድቅ ነገር ካለ እንድታነሺ። በዐሥራ አራት ዓመትሽ መኳንንቱ በሞሉበት አዳራሽ ስንት ጊዜ አልፈሽ፣ ያየሽው የእሷን ተረከዝ ብቻ ነው። ያም ተረከዝ ስንጥቅጥቅ ያለ እንደነበር የነገርሽኝ ቀን እንዴት እንደሳቅን ታስታውሻለሽ?

አንድ ቀን ከግብር መልስ አልቦው ሲፈታ አንዲት ቃጭል ጎደለች። ሹሩባሽን ሳይቀር ፈትተው በረበሩሽ። ሁለት ቀን ዕቃ ቤት ቆልፈውብሽ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ትውልድ ቀዬሽ ወደ ይጁቤ በእግርሽ ሰደዱሽ። ስሙ ግን ቀድሞሽ ደርሶ ነበር፤ የግቢ ሌባ። ሽማግሌ ልከውብሽ የነበሩት ሰዎች በዚያው ቀሩ። አባዬን አግብተሽ ማርቆስ ስትገቢም ያ ስም ተከትሎሽ ገባ።

እንግዲህ ስሚኝ። የካባውን ገበር ስፈታ ጠርዙ ውስጥ አንድ ጠጣር ነገር ጣቴን ነካኝ። የኋላው ስፌት ድሮውኑ ተተርትሮ ኖሯል፤ ካባው ያን የግብር ቀን መሬት ለመሬት ሲጎተት ያገኛትን ይዞ ተቀምጧል። ቃጭሏ ነበረች፣ እማዬ። መዳፌ ላይ ሳደርጋት ጮኸች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ንድድ አልኩ። ደብቄ ላስቀራትም አስቤ ነበር። ግን ካስቀረኋት ያ ስም እውነት ሊሆን ነው፤ ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ነው። ካባውን ሰፍቼ መለስኩላቸው፤ ቃጭሏን በመሐረብ ቋጥሬ ጌጡ ለሕዝብ እስከሚታይበት በዓል ቀን አቆየኋት።

በበዓሉ ቀን ቆነጃጅት አሰልፈው፣ የልዕልቲቱን ጌጥ በርካሽ አስመስለው ያሠሩትን አድርገውላቸዋል። አልቦውን ክንዳቸው ላይ አጥልቀው ብቅ አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ አዳራሹ የእግር ጌጥ ክንድ ላይ እያየ አጨበጨበ። የልጅ ልጂቱ ሦስቱንም ድሪ ደርባ፣ እውነተኛው አልቦ ያለበትን የመስታወት ሣጥን እያሳየች፣ ይህች አንዷ ቃጭል የጎደለችው አንዲት ገረድ ሰርቃት ነው ብላ በማይክሮፎን ተናገረች። ሰው ሳቀ። ከጎኔ የነበሩት እትዬ የሺ አልሳቁም፤ ዞር ብለው እኔን አዩ።

ተነስቼ ወደ ፊት ሄድኩ። መሐረቤን ፈትቼ ቃጭሏን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኳት።

«ከካባችሁ ገበር ውስጥ ነው ያገኘኋት። የሰረቃት ካባችሁ ነው። ገረዷ እናቴ ናት፤ አትጠገብ ትባላለች» አልኩ።

ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ። እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንዴት የሚያምር ታሪክ ነው አለችና ፎቶ እንነሳ ብላ ጠራችኝ። ድሪው ከብዷት ይሆናል፣ አንገቷን ዝቅ ማድረግ አልቻለችም። ታዝኛለሽ እንጂ አትቆጪኝም፤ ጥያት ወጣሁ።

እትዬ የሺ በማግስቱ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ልክ ትናንት እንደሞትሽ ሁሉ፣ በራችን ላይ ቆመው አለቀሱ። ይግቡ አልኳቸው። አንቺ ብትሆኚ ወዲያው ይቅር ትያቸው ነበር፤ እኔ ገና ነኝ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እስክትሞቺ ድረስ መሬት መሬቱን እያየሽ ነበር የምትሄጂው፤ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ በገዛ ግቢያችንም። ሰው ጨዋነት ነው ይል ነበር። እኔም ልጅሽ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ለካ ቃጭሏን ስትፈልጊ ነው የኖርሽው።

መታሰቢያሽን ባወጣን ቁጥር ይህን ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። የልዕልቲቱን ስም አልነግራቸውም፤ ያንቺን ግን እስክሞት እጠራዋለሁ። ተገኝታለች፣ እማዬ። አሁን ቀና በይ።

ልጅሽ