የማንረግጠው ስጋጃ

ዘኒዬ፣ የኔ ዓለም፤

ይኸው ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ነው። እኛ ደህና ነን። ልደታ ኮንዶሚኒየም እንደምታውቂው ነው፤ ውኃው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ልጃችን ሄለን ሥራ ይዛለች፤ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳንቺ ስታማርር በመስኮት አያታለሁ። እኔም ወጥ መሥራት ለምጃለሁ፤ እንዳንቺ ይጣፍጣል ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ያስቸገረኝ ስጋጃሽ ነው።

ያን የሥዕል ኤግዚቢሽን ያየንበት ቀን ትዝ ይልሻል? ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ ቀለም ብቻ። እኔ ቶሎ እንውጣ ስል አንቺ ንቅንቅ አላልሽም። ከዚያ በኋላ የሰው ትእዛዝ ስትሠሪ ከምትውይበት ስጋጃ ቤት እያመሸሽ የራስሽን ጀመርሽ። የበጉን ጠጉር ቀለም ውስጥ ነክረሽ፣ ክሩን አንድ በአንድ ቋጥረሽ፣ ቢጫውን በጥቁሩ፣ ጥቁሩን በቡናማው ላይ። አምጥተሽ ሳሎን ስታነጥፊው፣ ሽሮ ነው የተደፋብሽ ብዬ ሳቅሁብሽ። ምን እንደሆነ ስጠይቅሽ፣ ምንም አይደለም፣ ቀለም ነው፣ ይልቅ ጫማህን አውልቅና እርገጠው አልሽኝ። ስጋጃ ካልተረገጠ ከመጋረጃ በምን ይሻላል ትዪ ነበር።

በለቅሶሽ ሰሞን ታዲያ ጎረቤታችን እማማ ታደሉ ቢጫውና ጥቁሩ የሚተላለፉበትን አይተው መስቀል ነው አሉ። አማተቡና ጥግ ጥጉን ይዘው አለፉ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ እኔና ሄለንም ግድግዳ ታክከን ነው የምንሄደው። ሳሎናችንን ታውቂያታለሽ፤ ጉልበቴ ከቡፌው ጋር ተጣልቷል። እህትሽ ብርቄ ደግሞ ለሙት ዓመትሽ ሰው ሲመጣ እንዳይበላሽ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ብላ ሚስማር ይዛ መጣች።

ግራ ቢገባኝ የነፍስ አባታችንን ጠራኋቸው። ዞረው ዞረው አዩት። ይሄ መስቀል ከሆነ መስኮታችሁም መስቀል ነው ብለው ሳቁና፣ ጫማቸውን አውልቀው መሀል ለመሀል ሄዱበት። ሄለን ተከተለች። ብርቄም እያጉረመረመች ተከተለች። እኔ ቀረሁ።

ለካ መስቀሉ ሰበብ ሆኖኝ ኖሯል። እያንዳንዱን ቋጠሮ ጣትሽ ነክቶታል። ብረግጠው የምታልቂብኝ አንቺ መሰልሽኝ። ናፍቀሽኛል ዘኒዬ፣ በጣም ናፍቀሽኛል።

ትናንት ሁሉም ሲወጡ ካልሲዬን አወለቅሁና ቆምኩበት። ይኮሰኩሳል፣ ይሞቃል። አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላም አልወረድኩም፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተመላለስኩበት። ዛሬ ለብርቄ አይሰቀልም ብያታለሁ። አኩርፋለች፤ ትመለሳለች፣ አመሏን ታውቂው የለ። ለሙት ዓመትሽ የመጣ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባበታል።

እኔም ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ በየቀኑ እረግጠዋለሁ፤ ቃሌ ነው። አንድ ቀን ሳስቶ ድሩ ብቅ ቢል የረሳሁሽ እንዳይመስልሽ። ያን ያህል አስቤሻለሁ ማለት ነው።

ያንቺው
ተስፋዬ